የ1967 ዓ.ም. ልደትና ሞት

የአንድን ዓመት ታሪክ በሦስት መዝገብ ከፍሎ ማኖር፣ ይኸውም በዓመቱ የተፈጸመውን፣ በዓመቱ የተወለደውንና በዓመቱ የሞተውን ለይቶ መዘርዘር በብዙ አገሮች የተለመደ የአጻጻፍ ዘዴ ነው። አሜሪካውያን የአገራቸውን ዘመናት በዚህ ዓይነት ዓመት በዓመት መዝግበው ይዘዋል። በዝርዝሩ ራስ ላይ የፕሬዚዳንቱ ስም ይሰፍራል፤ ከዚያ ምርጫው፣ ጦርነቱና የፍርድ ቤቱ ውሳኔ ይከተላል፤ በስተመጨረሻም በዓመቱ የተወለዱና የሞቱ ዝነኞች በየቀናቸው ይቆጠራሉ። ዘዴው ለአንባቢ ምቹ መሆኑን አንክድም። ይሁን እንጂ እንዲህ ያለው መዝገብ ሲገለጥ አንድ ጥያቄ ማስከተሉ አይቀርም። በዚያ ዓመት የተወለዱትና የሞቱት ስማቸው የተጻፈላቸው ብቻ ናቸውን? ፋብሪካውን ያንቀሳቀሰው ወዝ አደር፣ መሬቱን ያረሰው ጭሰኛ፣ በአንድ ክፍል ቤት ስምንት ነፍስ ያሳደገችው እናት በየትኛው ዓምድ ይገባሉ?

ይህን ጥያቄ በራሳችን ታሪክ ላይ ለመፈተን የመረጥነው ዓመት 1967 ዓ.ም. ነው። ዘመነ ሉቃስ በመሆኑ ጳጉሜን ስድስት ቀን ነበራት፤ ዓመቱም 366 ቀናት ነበሩት። በእነዚህ ቀናት ውስጥ አንድ ዘውድ ወርዷል፣ አንድ ንጉሠ ነገሥት አርፈዋል፣ ባንኩና ፋብሪካው፣ የእርሻው መሬትና የከተማው ቦታ ባለቤት ቀይረዋል። ዛሬ የዚህ ጽሑፍ አንባቢ በሚኖርበት ቤት፣ በሚሠራበት ድርጅትና በአባልነት በሚሰበሰብበት የነዋሪዎች ማኅበር ውስጥ ያ ዓመት ገና አልወጣም። ስለዚህ የምንመረምረው የአሮጌ መዝገብ ብናኝ ለማራገፍ አይደለም።

ዓመቱ የተከፈተው በቴሌቪዥን ነበር። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ስለ ወሎ ረሃብ ያዘጋጀው ፊልም ለሕዝብ ታየ። ፊልሙ በእንግሊዝ አገር ከዓመት ገደማ በፊት፣ ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. ታይቶ ዓለምን ያስደነገጠ ነው። በዚያ የአዲስ ዓመት ምሽት ግን ከቤተ መንግሥት ግብዣና ድግስ ሥዕሎች ጋር እየተሰናሰለ ቀረበ። በአንድ በኩል የኬክ ቆረጣ፣ በሌላ በኩል በአጥንታቸው የቀሩ ሕፃናት። ይህ የፕሮፓጋንዳ ስልት መሆኑ ግልጽ ነው፤ ዓላማውም በማግሥቱ ለሚፈጸመው ነገር የሕዝቡን ልብ ማዘጋጀት ነበር። ሆኖም ስልቱ የሠራው የሚታየው እውነት ስለነበረ ነው። የወሎ ገበሬ በጠኔ ሲያልቅ የመንግሥቱ ባለሥልጣኖች ነገሩን ለመሸፈን መጣራቸው ሐሰት አልነበረም።

በማግሥቱ ሐሙስ፣ መስከረም 2 ቀን ጧት፣ የጦር ኃይሎች፣ የፖሊስና የብሔራዊ ጦር አስተባባሪ ኮሚቴ የላካቸው መኰንኖች ወደ ኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ሄደው ከሥልጣን መውረዳቸውን የሚገልጸውን ቃል ለንጉሠ ነገሥቱ አነበቡላቸው። ግማሽ ምዕት ዓመት አገር የገዙት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በአንዲት ቮልስዋገን መኪና ተወሰዱ። የዚያች ትንሽ መኪና ነገር እስከ ዛሬ ከሕዝብ አፍ አልጠፋችም፤ ምክንያቱም አንድ ሥርዓት በምን ያህል ፍጥነት ግርማውን እንደሚያጣ ከአዋጁ ይልቅ እርሷ አጉልታ አሳይታለች።

ቀኑ ሳይደርስ ነገሩ የበሰለ መሆኑ አይዘነጋም። በ1966 ዓ.ም. ጥር 4 ቀን በነገሌ ቦረና የሠፈረው የአራተኛው ብርጌድ ወታደር ስለ ምግቡና ስለ ውሃው አቤት ብሎ ሰሚ ቢያጣ አዛዦቹን ይዞ አሰረ። የካቲት 11 ቀን መምህራን የትምህርት ሴክተር ሪቪውን ተቃውመው፣ የታክሲ ነጂዎችም የቤንዚን ዋጋ መናርን ተቃውመው ሥራ አቆሙ። የአክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ በዚያው ወር ሥልጣኑን ለቀቀ። የካቲት 28 ቀን ደግሞ የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር በአገሪቱ ታሪክ የመጀመሪያ የሆነውን ጠቅላላ የሥራ ማቆም አድማ ጠርቶ አራት ቀን አካሄደ። ሚያዝያ 12 ቀን ሙስሊም ኢትዮጵያውያን የእኩልነት ጥያቄያቸውን ይዘው በአዲስ አበባ አደባባዮች ወጡ። ወታደሩ ሥልጣን የያዘው ሌሎች የከፈቱትን በር አልፎ ነው።

በዚያው ሰሞን በአሜሪካም የሥልጣን ለውጥ ነበር። ፕሬዚዳንት ኒክሰን በዋተርጌት ቅሌት ምክንያት ነሐሴ 3 ቀን 1966 ዓ.ም. ሥልጣናቸውን ለቀቁ፤ ተተኪያቸው ጄራልድ ፎርድ ጳጉሜን 3 ቀን ምሕረት አደረጉላቸው። በአራተኛው ቀን የእኛው ንጉሠ ነገሥት ወረዱ። ሁለቱን ጉዳዮች የምናቀራርበው አንዱን ለማሞገስ፣ ሌላውን ለማዋረድ አይደለም። ልዩነቱ ግን መታየት አለበት። በዚያ የነበረው ምክር ቤት መሪውን ጠይቆ ለማውረድ የሚያስችል ሕግ ነበረው፤ በዚህ የነበረው ሕገ መንግሥት ግን ንጉሠ ነገሥቱን የማይከሰሱ፣ ክብራቸውንም የማይደፈር አድርጎ ያስቀመጠ ነበር። ሕግ መውጫ ያልተውለት ለውጥ ወታደር ይዞት መውጣቱ የማይጠበቅ አልነበረም። ወታደር የያዘው ለውጥ ደግሞ ወዴት እንደሚሄድ ለማየት ሁለት ወር ከመንፈቅ በቂ ሆነ።

ከዚያ በፊት ግን ሠራተኛው ላይ የደረሰውን እንናገር። በመስከረም ወር የሠራተኞች አንድነት ማኅበር ጉባኤ ተሰብስቦ ሥልጣን በወታደሮች እጅ መቆየቱን ተቃወመ፤ የሲቪል ሕዝባዊ መንግሥት እንዲቋቋም ጠየቀ። መልሱ የማኅበሩን መሪዎች ማሰር ሆነ። በየካቲት አድማ መትቶ የድሮውን ካቢኔ ያንቀጠቀጠው ሠራተኛ፣ በመስከረም «በሠራተኛው ስም» በሚናገረው አዲስ ኃይል እጅ የራሱ አፍ ሲለጎም አየ። የዚያ ዓመት ተቃርኖ በሙሉ በዚህች አንዲት ድርጊት ውስጥ ይገኛል ብንል ከማጋነን አይቆጠርብንም።

ኅዳር 14 ቀን ቅዳሜ ሌሊት ስድሳ ሰዎች ሞቱ። የደርጉ የመጀመሪያ ሊቀ መንበር የነበሩት ሌተና ጄኔራል አማን ሚካኤል አንዶም በኤርትራ ጉዳይ አያያዝና በእስረኞቹ ዕጣ ከጓደኞቻቸው ጋር ስላልተስማሙ ከሥራቸው ተለይተው በቤታቸው ተቀምጠው ነበር። ሊይዟቸው ከመጣው ጦር ጋር ተታኩሰው በዚያው ወደቁ። ሌሎቹ ከታሰሩበት ተወስደው ያለ ፍርድ በጥይት ተደበደቡ። ከእነርሱ መካከል ሁለት የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትሮች፣ ጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድና ልጅ እንዳልካቸው መኰንን፣ እንዲሁም ልዑል ራስ አሥራተ ካሣ፣ የንጉሠ ነገሥቱ የልጅ ልጅ ሪር አድሚራል እስክንድር ደስታ፣ የጦር ጄኔራሎችና አነስ ያለ ማዕረግ የነበራቸው መኰንኖችም ነበሩ። እሑድ ጧት ሬዲዮው የፖለቲካ ውሳኔ መፈጸሙን ለሕዝብ ነገረ።

በዚያን ጊዜ ብዙ ሰው ደንግጧል፤ «ይገባቸዋል» ያለም አልታጣም። ስለ ወሎ ሙታን ተጠያቂ የሚሆን ሰው መፈለጉ ተገቢ ነበር። ነገር ግን ተጠያቂነት ማለት ክስ፣ ማስረጃ፣ መከላከያና ፍርድ ማለት ነው። መርማሪ ኮሚሽን ተቋቁሞ የባለሥልጣኖቹን ጉዳይ በማጣራት ላይ ሳለ፣ ሥራውን ሳይጨርስ ተጠያቂዎቹ በአንድ ሌሊት ተገደሉ። በዚህም የወሎ ረሃብተኛ የሚገባውን መልስ አጣ፤ ማን ምን እንዳወቀ፣ መቼ እንዳወቀ፣ ለምን ዝም እንዳለ በፍርድ ቤት ፊት ሳይነገር ቀረ። የተገደሉት ቤተሰቦች ደግሞ አስከሬን እንኳ ሳይሰጣቸው ለዓመታት ቆዩ፤ አጽማቸው በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ያረፈው ሥርዓቱ ከወደቀ በኋላ ነው። ከኅዳር 14 ወዲህ የተከተሉትን ዓመታት የሚያውቅ ሰው ሁሉ ያቺ ሌሊት ልማድ እንደ ሆነች ያውቃል። መኳንንቱን ያለ ፍርድ የገደለ እጅ ወዝ አደሩንና ተማሪውን ለመግደል አዲስ ሕግ አላስፈለገውም።

አሁን የቀን መቁጠሪያው የሚሠራውን ግሩም ነገር ተመልከቱ። ያ ሬዲዮ በሚናገርበት እሑድ፣ ኅዳር 15 ቀን፣ በአፋር ምድር ሐዳር በተባለ ሥፍራ አሜሪካዊው ተመራማሪ ዶናልድ ጆሃንሰንና ተማሪው ቶም ግሬይ በደረቅ ሸለቆ ውስጥ ሲሄዱ የአንዲት ፍጡር የክንድ አጥንት ከአፈሩ ብቅ ብሎ አገኙ። ተሰብስቦ ሲገጣጠም የአጽሟ አርባ በመቶ ያህል ተገኘ፤ ዕድሜዋም 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሆነ። ዓለም ሉሲ አላት፤ እኛ ድንቅነሽ ብለናታል። ቀጥ ብላ በሁለት እግሯ ትሄድ እንደነበረ የዳሌዋና የጉልበቷ አጥንት መስክሯል፤ የራስ ቅሏ ግን ትንሽ ነበር። ይህም የሰው ዘር አስቀድሞ የቆመው፣ አንጎሉ የሰፋው ግን በኋላ መሆኑን ለማስረዳት ታላቅ ማስረጃ ሆኗል። በአዲስ አበባ ስድሳ አስከሬን በጥድፊያ ወደ አፈር ሲገባ፣ በሐዳር አንድ አጽም በጥንቃቄ ከአፈር ይወጣ ነበር። የዓመቱ መዝገብ ጸሐፊ ድንቅነሽን በየትኛው ዓምድ ያስገባታል? ከልደት ነው ከሞት? እኛ ከልደት ጋር አኑረናታል።

ከታወቁት ልደቶች መካከል ሌላም አንድ አለ። ታኅሣሥ 2 ቀን 1967 ዓ.ም. በደብረ ብርሃን አካባቢ ጌጤ ዋሚ ተወለደች። በ1988 ዓ.ም. በአትላንታ ኦሊምፒክ በ10 ሺህ ሜትር የነሐስ፣ በ1993 ዓ.ም. መግቢያ በሲድኒ በ10 ሺህ የብር፣ በ5 ሺህ የነሐስ ሜዳሊያ አግኝታለች፤ በመካከሉም በ1991 ዓ.ም. በሴቪል የ10 ሺህ ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ሆናለች። የገበሬ አገር ልጆች በእግራቸው ስማቸውን በዓለም መዝገብ ካስገቡበት ትውልድ አንዷ ናት። በተወለደችበት ሳምንት ግን ስለ ሕፃናት የሚጨነቅ ጋዜጣ አልነበረም። ታኅሣሥ 11 ቀን ደርጉ ኅብረተሰብአዊነትን የአገሪቱ መመሪያ አድርጎ አወጀ፤ በማግሥቱ የዕድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ተከፈተ። ስድሳ ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ተላኩ። ደርጉ ወጣቱን ከከተማ አርቆ ሰላም ለማግኘት አስቦ ነበር የሚሉ አሉ፤ ግምቱ መሠረት አለው። ዘማቹ ግን ለገበሬው ፊደል ከማስተማሩ ሌላ መብቱንም ነገረው፤ በዚህም ከላኪው መንግሥት ጋር ብዙ ሳይቆይ ተጋጨ። ታኅሣሥ 23 ቀን ባንኮችና የመድን ድርጅቶች ተወረሱ።

ወደ ፋብሪካው እንለፍ። ጥር 26 ቀን 1967 ዓ.ም. 72 የኢንዱስትሪና የንግድ ድርጅቶች ሙሉ በሙሉ የመንግሥት ሆኑ፤ በሌሎች 29 ድርጅቶች ውስጥም መንግሥት ከፍተኛውን የአክሲዮን ድርሻ ያዘ። የወንጂን ስኳር ያመርት የነበረው የሆላንዶች ኩባንያ ከእነዚህ አንዱ ነው። በሥራ ልብሱ ላይ የውጭ ባለሀብት ስም ለብሶ የኖረው ሠራተኛ «ፋብሪካው የአንተ ነው» ተባለ። ይህ ቃል ቀላል ቃል አልነበረም። ክብር የተነፈገው ሰው ክብር ሲሰጠው ሌላ ሰው ይሆናል፤ በየፋብሪካው የታየውም ደስታ የውሸት አልነበረም። የባለቤትነት ትርጉም ግን በወረቀት አይለካም። ደመወዝን፣ የሥራ ሰዓትንና የሥራ አመራርን የሚወስነው ማን ነው? ሠራተኛው ሳይስማማ ሲቀር አድማ መምታት ይችላል ወይ? ባለቤቱ ሠራተኛው ከሆነ አድማ የሚመታው በራሱ ላይ ነው የሚል ክርክር ብዙም ሳይቆይ ተፈጠረ፤ ክርክሩ ብልህ ነው፤ ግን የታሰሩትን የማኅበር መሪዎች ከእስር አላስፈታም።

በሀይሌ ጋርመንትና በአካባቢው የምትኖሩ፣ የሠፈራችሁ ስም ራሱ የልብስ ስፌትን ሥራ የሚያነሣ አንባብያን፣ ይህን ጥያቄ ከእኛ ይልቅ ታውቁታላችሁ። በስፌት መኪና ላይ የምትውል ወጣት ባለቤቱ መንግሥትም ይሁን፣ የአገር ውስጥ ነጋዴም ይሁን፣ የውጭ ኩባንያም ይሁን፣ ወር ሲያልቅ የምትጠይቀው አንድ ነው፤ የቤት ኪራይ፣ የጤፍና የታክሲ ሒሳብ ከደመወዟ ላይ ሲነሣ ምን ይተርፋል? የ1967ቱ አዋጅ የባለቤቱን ስም ለወጠ። የዚያችን ወጣት ጥያቄ ግን እንደ ቆመ አገኘነው።

በነገራችን ላይ በጥር 26 ቀን አንድ የቀን መቁጠሪያ ምጸት አለ። ጄኔራል አማንን ተክተው ሊቀ መንበር የሆኑት ብርጋዴር ጄኔራል ተፈሪ በንቲ ያን አዋጅ ካወጀው መንግሥት ራስ ነበሩ። በሁለተኛው ዓመት፣ ጥር 26 ቀን 1969 ዓ.ም.፣ በደርጉ ውስጥ በተፈጠረው መተላለቅ ተገደሉ።

በዚያው ወር መጨረሻ በአሥመራ ከተማ ጦርነት ፈነዳ፤ ሰላማዊ ሰው ከተማውን እየለቀቀ ሸሸ። የካቲት 11 ቀን፣ የመምህራንና የታክሲ ነጂዎች አድማ አንደኛ ዓመት በዋለበት ቀን፣ ጥቂት ወጣቶች በትግራይ ደደቢት በረሃ የትጥቅ ትግል ጀመሩ፤ ድርጅታቸው ከአሥራ ስድስት ዓመት በኋላ አዲስ አበባን ያዘ። መጋቢት 12 ቀን ዘውዱ በሕግ ተሰረዘ። በውጭው ዓለም ሚያዝያ 22 ቀን ሳይጎን ወደቀች፤ ሰኔ 18 ቀን ሞዛምቢክ ነጻ ወጣች። እነዚህን በአጭሩ የምናልፋቸው ትንሽ ስለሆኑ አይደለም። ለእያንዳንዳቸው የተለየ ጽሑፍ ያሻቸዋል፤ እኛ ደግሞ ወደ መሬቱ ለመድረስ ቸኩለናል።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 31/1967 ወጣ። ተማሪዎች ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ «መሬት ላራሹ» እያሉ ሲጮኹለት፣ ሲታሰሩለትና ሲሞቱለት የኖሩት ጥያቄ መልስ አገኘ። አንድ ቤተሰብ ሊያርስ የሚችለው መሬት ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ተወሰነ፤ መሬትን መሸጥ፣ መለወጥ፣ ማስያዝና ማከራየት ተከለከለ፤ ጭሰኝነት ተሻረ። ቢያንስ በ800 ሄክታር አንድ የገበሬ ማኅበር እንዲቋቋም ታዘዘ። በተለይ በደቡብ ለነበረው ጭሰኛ፣ ከምርቱ ሲሶውን ወይም እኩሌታውን ለባላባት ሲያስረክብ፣ ከዚያም ላይ ድግስና ጉልበት ሲገብር ለኖረው ገበሬ፣ ይህ ልደት ነበር ብንል ቃሉ አይበዛበትም። በዓመቱ ከተፈጸሙት ሁሉ ሥሩ የጠለቀው፣ ከዚያ ወዲህ የመጣ መንግሥት ሁሉ ያልነቀለው እርሱ ነው። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም፣ አይለወጥም ብሎ አጽንቶታል።

ሀይሌ ጋርመንት ዛሬ አደባባዩ በታክሲ የተጨናነቀ፣ ከላፍቶ ወደ ጀሞና ወደ ለቡ የሚተላለፍ ሰው የሚርመሰመስበት የከተማ ሠፈር ነው። በ1967 ዓ.ም. ግን ይህ ሁሉ ምድር ከአዲስ አበባ ደቡባዊ ጠርዝ ወዲያ የሚገኝ የእርሻ አገር ነበር። እዚያ የሚያርሰውን ገበሬ የነካው የየካቲቱ አዋጅ ነው፤ የከተማውን ነዋሪ የነካው ደግሞ ገና በሐምሌ የሚመጣው ሌላ አዋጅ ነው። ከዓመታት በኋላ ከተማው ወደ ገበሬው መጣ። ማሳው መንገድ ሆነ፣ የጋራ መኖሪያ ቤት ሆነ፣ ፋብሪካና መጋዘን ሆነ። በዚያን ጊዜ የየካቲቱ አዋጅ ሁለተኛ ፊቱን አሳየ። ገበሬው ከባላባት ነጻ የወጣበት ሕግ መሬቱን የመሸጥ መብት አልሰጠውም ነበርና፣ ለሕዝብ ጥቅም ሲባል ሲነሣ የሚከፈለው ካሣ በመሬቱ ላይ ላፈራው ንብረትና ለሚያጣው ምርት እንጂ ለመሬቱ ዋጋ አልሆነም። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የካሣ አዋጅም የተመሠረተው በዚሁ ሐሳብ ላይ ነው። ያው መሬት በሊዝ ጨረታ ሲወጣ ግን በካሬ ሜትር የሚጠራው ዋጋ ገበሬው ከተቀበለው ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ይህን ስንል ወደ ጭሰኝነት እንመለስ የሚሉትን ለመደገፍ አይደለም። መሬት በነጻ ገበያ ቢሸጥ ኖሮ የደኸየው ገበሬ ቀድሞ ሸጦ የከተማ ቀን ሠራተኛ ይሆን ነበር የሚለው ክርክር ክብደት አለው፤ በብዙ አገሮች የታየም ነው። የእኛ ነጥብ ሌላ ነው። አዋጁ «የሕዝብ» ያለው መሬት ላይ ሕዝቡ በየጊዜው ምን ያህል ድምፅ ኖሮታል? ማሳው ወደ ኮንዶሚኒየም ሲለወጥ የገበሬው ልጅ ከኮንዶሚኒየሙ ቤት ደርሶታልን፣ ወይስ የዘበኛ ሥራ? በዚያ ሠፈር የምትኖሩ ሁሉ የምታውቁት መልስ አላችሁ፤ መልሱም ከቤት ቤት ይለያያል።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ቅዳሜ፣ አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። አንድ ቤተሰብ የሚኖርበት አንድ ቤት ብቻ ቀረለት፤ ለመኖሪያ የሚሰጠው ቦታ ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ተወሰነ። ኪራይ ተቀነሰ፤ ዝቅተኛ ኪራይ ይከፍል ለነበረው ድኻ ቅናሹ እስከ ግማሽ ደረሰ። የወር ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆነ ቤቶች በከተማ ነዋሪዎች ማኅበር፣ ማለትም በቀበሌ፣ ሥር ገቡ። ቀበሌ የተወለደው በዚህ ቀን ነው። ከዓመቱ ልደቶች ሁሉ በከተማ ሰው ሕይወት ውስጥ እንደ እርሱ የገባ የለም።

በአዋጁ ልደቱ ላይ ቀበሌ የሚያምር ሕፃን ነበር። ጎረቤት ጎረቤቱን መርጦ የሚያቋቁመው፣ ከኪራዩ ገቢ መንገድና መጸዳጃ የሚሠራ፣ ስለ ቤትና ስለ ቦታ የሚነሣውን ክርክር በራሱ ፍርድ ሸንጎ የሚያይ ማኅበር እንዲሆን ታስቦ ነበር። ለዘመናት በቤት አከራይ ፊት አንገቱን ሲደፋ የኖረ ተከራይ፣ የሠፈሩን ጉዳይ ቁጭ ብሎ የሚመክርበት ወንበር አገኘ። ቀጥሎም በኅብረት ሱቅ ስኳርና ዘይት በወረፋ ተከፋፈለበት፤ የማንበብና የመጻፍ ትምህርት ተሰጠበት። ይህን ማስታወስ ተገቢ ነው፤ ምክንያቱም የዚያን ዘመን ክፉውን ብቻ የሚያወሩ ሰዎች ድኻው ለምን እንደ ተደሰተ ሊያስረዱ አይችሉም።

ክፉው ግን አለ፤ ልናልፈው አይገባም። «ትርፍ ቤት» የተባለው የባላባቱ ሕንፃ ብቻ አልነበረም። ዕድሜ ልኳን ጠላ ሸጣ፣ አንዲት ተጨማሪ ክፍል ሠርታ በኪራይዋ የምትጦር መበለትም ትርፍ ቤት ያላት ተብላለች። አንድ ሕግ ራስንና መበለትን በአንድ ቃል ሲጠራ ሚዛኑ መጉደሉ ግልጽ ነው። ከዚያም በላይ፣ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ቀበሌው ጠመንጃ ተሰጠው። የነዋሪው ማኅበር የነዋሪው ጠባቂ፣ መርማሪና አሳሪ ሆነ፤ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ጊዜ በቀበሌ ጽሕፈት ቤቶች የተፈጸመውን የማያውቅ የአዲስ አበባ ቤተሰብ ጥቂት ነው። ጉዳዩ የመርህ ጉዳይ ነው። ማኅበሩ ተጠሪነቱ ወደ ታች ለመረጠው ጎረቤት መሆኑ ቀርቶ ወደ ላይ ላዘዘው አካል ሲሆን፣ ያው ወንበር፣ ያው መዝገብ፣ ያው ማኅተም ሌላ ሥራ ይሠራል። ቤቶቹም ቢሆኑ ኪራዩ ለጥገና ስላልበቃ ጣሪያቸው እየዛገ፣ ግድግዳቸው እየተላጠ ሄደ። በአዲስ አበባ ቀበሌዎች በኋላ በወረዳ ቢተኩም «የቀበሌ ቤት» የሚለው ስም ግን ሕይወቱን ቀጥሏል፤ የዛሬው የኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች ማኅበርም ሲሰበሰብ የሚከራከርበት የውሃ፣ የጥበቃና የጽዳት ሒሳብ ያ የሐምሌ ሸንጎ ሊመክርበት የታሰበው ጉዳይ ነው።

ዓመቱ ሊያበቃ ሲል፣ ነሐሴ 21 ቀን፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በታሰሩበት በታላቁ ቤተ መንግሥት በ83 ዓመታቸው አረፉ። ሬዲዮው በበሽታ መሞታቸውን ነገረ። ከደርግ ውድቀት በኋላ በተከፈተው ክስ ታፍነው መገደላቸውን የሚያሳይ ማስረጃ ቀረበ፤ አጽማቸው በቤተ መንግሥቱ ግቢ ወለል ሥር በ1984 ዓ.ም. ተገኘ፤ በቅድስት ሥላሴም ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. ተቀበሩ። በዚያው ነሐሴ ወር የኢትዮጵያ ሕዝባዊ አብዮታዊ ፓርቲ ፕሮግራሙን ይፋ አደረገ፤ ከሞት ወደ ሞት የሚሸጋገር ሌላ ምዕራፍ በአጠገቡ ተከፈተ።

እስካሁን የጠራናቸው ሙታን ስም ያላቸው ናቸው። ስም የሌላቸውስ? በ1967 ዓ.ም. በዚህ አገር ስንት ሕፃን እንደ ተወለደ፣ ስንት ሰው እንደ ሞተ በመንግሥት መዝገብ ተጽፎ አናገኝም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ልደት፣ ስለ ጋብቻና ስለ ሞት መዝገብ በዝርዝር ደንግጎ ነበር፤ ነገር ግን እነዚያ ድንጋጌዎች ሌላ ትእዛዝ እስኪወጣ ሥራ ላይ እንዳይውሉ በዚያው ሕግ ታገዱ። እገዳው ንጉሡን ዐለፈ፣ ደርጉንም ዐለፈ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። መሬቱን የቆጠረ፣ ፋብሪካውን 72 እና 29 ብሎ የቆጠረ መንግሥት ሰውን አልቆጠረም። የወሎ ሙታን ቁጥር እስከ ዛሬ በግምት የሚነገረው በዚሁ ምክንያት ነው።

ይህ ማለት ግን ሰዉ ራሱን አልመዘገበም ማለት አይደለም። የክርስትና ልጅ ስም በደብሩ ተጻፈ። የሞተው ሰው በእድሩ መዝገብ ተጻፈ፤ እድር ገንዘብ የሚያወጣበት ነገር ስለሆነ የሞትን ቀን በጥንቃቄ ይይዛል። ዛሬም በየሠፈሩ ካሉት አሮጌ የእድር መዝገቦች የ1967ን ገጽ ማግኘት ይቻላል፤ ስም፣ የቤት ቁጥር፣ የተከፈለ ገንዘብ፣ የጸሐፊው ፊርማ። ልደትን ደግሞ ሕዝቡ በታሪክ ይለካው ነበር። አሁን በሀይሌ ጋርመንትና በሌላው ሠፈር ለምዝገባ የሚቀርቡ አዛውንቶች የልጃቸውን የልደት ዘመን ሲጠየቁ አንዱ «ንጉሡ የወረዱ ዓመት» ይላል፤ ሌላዋ «ተማሪዎች ለዘመቻ የመጡ ጊዜ አራስ ነበርሁ» ትላለች፤ ሦስተኛው «ቤታችን የተወረሰ ክረምት» ይላል። ጸሐፊው ለሦስቱም የሚጽፈው 1967 ነው።